ሰባት ቤት ስቆጥር የዘለልኳቸው

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር አጠገብ ከተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ የተማረው የኔ ቤት ብቻ ነው። ሌሎቹ ወረቀት ያባዛሉ፤ እኔ እያነበብኩ ነው የማባዛው። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከወሎ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ግን በዚህ ማሽን ያለፈውን ሃንድአውት ብትደምሩት ሦስት ዲግሪ ይወጣዋል። ሕግ አንብቤያለሁ፣ የአፈር ትምህርት አንብቤያለሁ፣ የላም በሽታ አንብቤያለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገጽ ጠፋብኝ ብሎ ሲያለቅስ ገጹን በቃሌ ነግሬው ፈተናውን አልፏል። እሱ ይክዳል፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ሌላው ሙያዬ ዘር ቆጠራ ነው። ሰው ከመጋባቱ በፊት ዝምድና እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? መቀሌ ያለን የወሎ ልጆች ልጅ ስንድር «እሱን ጥሩት» የምባለው እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ወንድ አያቴ ነው። የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ ማን ማንን ወለደ፣ ማን የት ተዳረ፣ ሳልደናቀፍ እወርደዋለሁ። ወርጄ ስጨርስ ደግሞ ተመልሼ እወጣዋለሁ። መውጣቱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የእህቴን ልጅ ለመቀሌ ልጅ ስንድር በዚህ ሙያዬ ከልክ አለፍኩ። የሙሽራው እናት ጨዋና ኮስታራ ሴት ናቸው። «የሩቅ ሰዎች ናችሁ፤ ዘራችሁን እንወቀው» ብለው አስጠየቁን። ወሎን ከመቀሌ ምን ያገናኘዋል ብዬ ባጭሩ መጨረስ ስችል ተነሥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠርኩላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አምነናል፤ ምግቡ ይምጣ» እስኪለኝ ድረስ። መጨረሻ ላይ ደረቴን ነፍቼ እንዲህ አልኩ፦ «ንጹሕ ዘር ነው፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ። በእናታችን ወገን ደግሞ ማሕፀኑ ሴት ይወዳል። ሴት በሴት ነን።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በሁለተኛው ዓመት ልጅቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ትንቢትህ ፈረሰ ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ለሁለት ቀን ያህል ለደንበኛ ሁሉ ከረሜላ አደልኩ።

ልጁ አምስት ቀን የሆነው ዕለት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ለስልሳ ተማሪ የሚባዛ ሃንድአውት ይዛ መጣች። ስለ ዘር ውርስ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ሣጥንና ክብ በመስመር ተያይዘው ተሥለዋል። ሣጥኑ ወንድ ነው፣ ክቡ ሴት፤ በሽታ ያለበት ጥቁር ተቀብቷል። ሳየው ሳቄ መጣ።

«መምህር፣ እናንተ ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ገባችሁ?» አልኳት። «እኔ በቃሌ ነው የማወርደው።»

«እስቲ አውርደው ጋሼ» አለች፤ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ነው።

ማሽኑ ያበላሸው ወረቀት አይጠፋም፤ ጀርባው ላይ የእናቴን ወገን ሠራሁላት። ሴት አያቴ አንድ ክብ። ከሥሯ ልጆቿ፣ አምስት ክብ። ከእናቴ ሥር እህቴ ክብ፣ እኔ ሣጥን። ከእህቴ ሥር አንዲት ክብ። ከሷ ሥር አዲሱ ሣጥን፣ አምስት ቀኑ። መምህርቷ ወረቀቱን ወደሷ ዞር አድርጋ አየችው።

«ካንተና ከሕፃኑ ሌላ ወንዶቹ የት ሄዱ?»

«የምን ወንዶች? እኛ ቤት ሴት ነው የሚወለደው።»

«አይወለዱም ወይስ አያድጉም?»

የቲማቲም ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለችው፤ ክፋት የለባትም። ስልሳውን ቆጥራ ተቀበለችኝና «ገጽ ስድስትን አንብበው፣ የምታነብ ከሆነ» ብላ ሄደች። የምታነብ ከሆነ ትለኛለች።

ገጽ ስድስት ሄሞፊሊያ ስለሚባል ነገር ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር በሰውየው ሰውነት ውስጥ በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ ከተቆረጠ ደሙ ቶሎ አይቆምም። በእኔ ሙያ ልንገራችሁ። እናት ያንዱን ጽሑፍ ሁለት ኦሪጅናል ይዛለች እንበል። አንደኛው ላይ ስሕተት ቢኖር ከሌላው እያነበበች ትኖራለች፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይታወቅባትም። ስትወልድ ከሁለቱ አንዱን ነው ለልጁ የምታባዛለት። ለሴት ልጅ አባቷ ሌላ ቅጂ ይጨምርላታል። ለወንዱ ግን አባቱ የሚሰጠው አጭር፣ ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ያ ጽሑፍ የለበትም። ወንዱ ያለው የእናቱ ብቻ ነው። ስሕተት ያለበት ከደረሰው የሚያመሳክርበት የለውም። ስለዚህ ሴቶቹ ሳይታወቅባቸው ይሸከሙታል፤ ወንዶቹ ይደማሉ። ሕፃን በሚገረዝበት አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በግርዛቱ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ማሽኑን አጠፋሁ።

የኛ ወንድ በስምንት ቀኑ ይገረዛል፤ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ስም የሚኖረው ያኔ ነው። አያቴ ዘር ሲያስተምረኝ የተጠመቀውን ቁጠር ነበር ያለኝ። ሳይጠመቅ የሄደ ልጅ ስም የለውም፤ ስም ከሌለው በምን ይጠራል? ከእህቴና ከኔ መሃል አንድ እንደነበረ እሰማ ነበር። ስንት ሰርግ ቆጥሬ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ሁለት ዘመዳም እንዳይጋባ ነው፤ ለሱ ጥሩ ነው። ይሄ በሽታ ግን ሁለት ወገን አይፈልግም፤ አንዲት እናት ትበቃዋለች። እኔ ደግሞ ምልክቱን ሁሉ እያጠፋሁ ነው የቆጠርኩት።

እህቴ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል። ባሏ ከሞተ በኋላ ነው ከወሎ ያመጣኋት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ስገባ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እትዬ፣ አያታችን ወንድ ወልዳ ታውቃለች?»

«ደግሞ የማን ሰርግ ነው?»

«የማንም አይደለም። መልሺልኝ።»

«ሁለት ወልዳለች። ቀሩ።»

«በስንት ቀናቸው?»

እጇ ትሪው ላይ ቆመ። «አንተ ለፍላፊ፣ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ከኔና ካንቺ መሃል የነበረውስ?»

«ከተገረዘ በኋላ ነው። እናታችን ገራዡን እስክትሞት ረግማዋለች። እጁ ክፉ ነው ትል ነበር።»

«እኔን የገረዘኝስ?»

«እሱው ነዋ። ሌላ ገራዥ የት ነበረ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ተቀመጥኩ። እኔ መቀሌ ገና እንደመጣሁ እህቴ የመጀመሪያ ልጇ እንደሞተባት ሰው መጥቶ ነግሮኛል። ምች መታው ነው ያሉኝ። ሴት ይሁን ወንድ እንኳ አልጠየቅኩም። ይሄው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጠየቅኳት።

«ወንድ ነበር» አለች። ከዚያ ጨመረች፦ «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ትሪውን ከጭኗ አንሥቼ መሬት አስቀመጥኩት።

«ከተገረዘ በማግስቱ ደሙ ቆመ ብለው ነበር። ጨርቁን አትንኪ አሉኝ። እኔ ልየው ብዬ ፈታሁት። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ስስበው እንደገና መጣ። ከዚያ አልቆመም። ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄም ወንድም ነበረሽ አላልኳትም፤ ምን ሆነ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ወረቀቴን አወጣሁና ሣጥንና ክቡን አሳየኋት። ጨርቁ አይደለም አልኳት፤ ባትፈቺውም ይደማ ነበር። ከአያታችን ወደ እናታችን፣ ከእናታችን ወዳንቺ የመጣ ነገር ነው። አንቺ አታውቂውም፤ ገራዡም አያውቀውም። ረጅም ሰዓት አስረዳኋት። ደህና አድርጌ ነው ያስረዳሁት፤ መምህርቷ ብትሰማኝ ትቀና ነበር።

«ስለዚህ እጄ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ደሜ ነው።»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የትኛው ይሻላል ትላለህ፣ አንተ የተማርከው?»

ለዚህ የሚሆን ገጽ የለኝም።

ከዚያ ስለ ሕፃኑ አወራን። እህቴ ተሸካሚ መሆኗ ተረጋግጧል። ልጇ ከሁለቱ የትኛውን እንደወሰደች አይታወቅም፤ ግማሽ በግማሽ ነው። ስሕተት ያለበትን ወስዳ ከሆነ ለልጇ የማስተላለፏ ነገር እንደገና ግማሽ በግማሽ ነው። «ከአራት አንድ» አልኳት።

«ከአራት አንድ ትንሽ ነው።»

«ከአራት እንቁላል አንዱ ቦምብ ቢሆን ትሰብሪያለሽ?»

«አትቀልድ። እንደዚህ ብለህ እዚያ ቤት ከገባህ ትዳሯን ታፈርሰዋለህ። ዘራቸው ደም አለበት ይባላል። ሐኪም ይግረዘው በላቸው፤ ሐኪም ከገረዘው አይደማም።»

«እትዬ፣ ደሙ ገራዡ ሐኪም ይሁን አናጢ አያውቅም።»

ስድስተኛውን ቀን ምን እንደሠራሁበት መናገር አልፈልግም፤ ግን እናገራለሁ። ምንም አልሠራሁበትም። ኮፒ አባዛሁ፣ ተማሪዎቹን አሳቅኩ። ልጅቷ ደውላ «ጋሼ፣ ግርዛቱ ከነገ ወዲያ ነው፣ በጠዋት ና» ስትለኝ «እሺ የኔ እመቤት» አልኳት። ስለ ሕፃኑ ማሰብ ሲገባኝ የማስበው ስለዚያ «ዋስ ነኝ» ስላልኩበት ቀን ነበር። ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል እያልኩ ነበር። ሰው በራሱ ጉራ እንደዚህ ታስሮ ሲውል አይቼ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ራሴን ነው።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሓወልቲ ሰፈር፣ ወደ ልጅቷ አማት ቤት ሄድኩ። እህቴ አልሄድም ብላ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ ነጠላዋን ደርባ ከኋላዬ ወጣች።

ቤቱ ለማግስቱ ተወልውሎ ተሰናድቷል። የሚገርዙት ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ የክሊኒክ ቁስል አሻጊ ናቸው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደርሳሉ። አማቷ በር ላይ ተቀበሉን።

«ሓወይ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጥርልን መጣህ?»

ልጅቷ አልጋ ላይ ናት፤ ሕፃኑ ጎኗ። እህቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑን ልየው ስል ልጅቷ ራሷ ገለጠችልኝ። «ጭኑን እየው ጋሼ። የተወለደ ቀን የተወጋው መርፌ ነው፤ አብጦ አልተመለሰም። አደይ ቅቤ ይቀቡታል።» አደይ፣ እናቴ፣ የምትላቸው አማቷን ነው። አየሁት። አውራ ጣቴን የሚያክል፣ ጠቁሮ የበለዘ እብጠት።

«ነገ አይገረዝ» አልኩ።

አማቷ ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች። የቀልደኛ ቅጣቱ ይሄ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያስቅ ኖሮ እውነት ሲናገርም ይስቁለታል። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ነገርኳቸው። እንደ ዘር ቆጠራው አላስረዘምኩትም። በእናታችን ወገን ወንድ ሕፃን ሲገረዝ ደሙ አይቆምም፣ በሽታ ነው፣ በሴቶቹ በኩል ይመጣል፣ ይሄ እብጠትም ምልክቱ ሊሆን ይችላል፣ አልኩ።

አማቷ ቁጭ አሉ። «ሰባት ቤት ቆጥረህልን አልነበረም?»

«ቆጥሬ ነበር አደይ።»

«እነዚህ ታዲያ የት ነበሩ?»

«አልቆጠርኳቸውም። ሳይጠመቁ የሄዱ ናቸው። እናንተስ እንደዚያ ያለውን ትቆጥራላችሁ?»

«አንቆጥርም» አሉ። ከዚያ «ስንት ናቸው?»

«አራት። የአያታችን ሁለት፤ የእናታችን አንድ።»

«ሦስት ነው የጠራኸው» አለች ልጅቷ ከአልጋው። «አራተኛው የማን ነው?»

ወደ በርጩማው ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

«የኔ ነው» አለች እህቴ። «ታላቅሽ ነበር።»

ልጅቷ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ተኛች። አማቷ እኔን እያዩ «ይሄን ባውቅ ልጄን አላጋባም ነበር» አሉ። ለኔ ነው የተናገሩት፤ ግን የልጅቷ ትከሻ ሲደነግጥ አየሁት። አማቷ ተነሥተው ስልካቸውን አነሡና ለድሬሰሩ ደወሉ፤ ልጁ ትኩሳት ይዞታል፣ ነገ እንዳይመጡ አሏቸው። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስልኩን ሲዘጉ ወደኔ ዞሩ።

«ዋስ ነኝ ብለህ ነበር። ነገ ሐኪም ቤት አንተ ትወስደዋለህ።»

ወሰድኩት፤ ከነአባቱና እናቱ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቴን ዘርግቼ ሣጥንና ክቡን ሳስረዳው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «የት ነው የተማሩት?» አለኝ። «ፎቶ ኮፒ ቤት» አልኩት። ሳቅ አለ፤ ከዚያ የሕፃኑን ተረከዝ ትንሽ ወግቶ ደም ወሰደ። ጥጡን እኔ ነኝ የያዝኩት። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ በዓይን አትታይም። ሳነሣው ቀይ ነጥብ ትወጣለች፤ እይዘዋለሁ፤ ሳነሣው እንደገና ትወጣለች። የሰዎቹ ወረፋ ከፊታችን ሲያልቅ፣ ሌላ ወረፋ ሲመጣ፣ እኔ ጥጥ እይዛለሁ። አባትየው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ልጅቷ እኔን ነው የምታየው፤ ፊቴ ላይ ቀልድ የምትፈልግ ይመስለኛል።

ሐኪሙ አይገረዝ አለ፣ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋ አለ፤ ክትባቱንም ሳትጠይቁኝ አታስከትቡት አለ። እርግጠኛ የሚያደርገው ምርመራ አዲስ አበባ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘኋቸው። እህቴም መጣች፤ ከባጃጁ ግን አልወረደችም፤ ልጇም ነይ አላለቻትም። ከሓወልቲው ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ወደ ቤት ስንመለስ ማረፊያው ስላለበት ስለ ኲሓ ነፋስ ብዙ አወራሁ። እህቴ «ዝም በል» አለችኝ።

ውጤቱን በስልክ የነገረኝ ባልየው ነው። «አለበት» አለኝ። ከአራቱ አንዱ ሆነ።

አማቷ እንደዚያ ከተናገሩ በኋላ ልጅቷን ያስወጧታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስወጧትም። ያልተገረዘ ልጅ ይጠመቃል ወይ ብለው ቄሱን ራሳቸው ሄደው ጠየቁ። ቄሱም ምን ችግር አለው፣ አምጡት አሏቸው። በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። ጎረቤት አጉረመረመ፤ አንዷ «ሳይገረዝ?» ስትል አማቷ «አንቺን ጠየቀሽ?» ሲሏት ሰምቻለሁ። ለልጅቷ ግን ምግብ ሲያቀርቡላት ዓይኗን አያዩም። ያንን የተናገሩትን አልመለሱትም፤ እሷም አልረሳችውም። እህቴ ክርስትናው ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ዋለች።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ልጇን ታቅፋ ሱቄ መጣች። ደንበኛ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ቀልድ እንዳትጀምር» አለችኝ። ሦስት አዘጋጅቼ ነበር፤ ዋጥኳቸው። የወረቀት ካርቶኖቹን አስጠግቼላት ተቀመጠች።

«ሌላ ብወልድስ?»

«በየእርግዝናው እንደ አዲስ ነው። አንዱን ካገኘው ሌላውን ይተወዋል የሚባል ነገር የለም። ወንድ ከሆነ ግማሽ በግማሽ። ሴት ከሆነችም ተሸካሚ የመሆኗ ነገር ግማሽ በግማሽ።»

«ሐኪሙም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለች። «አንተ ታሳምረዋለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የማሳምርበት ቦታ አጣሁ። ሕፃኑ የማሽኑን መብራት ያያል።

«አንተ ግን ተርፈሃል።»

«ተርፌያለሁ።»

«ለምን አንተ?»

«ዕጣ ነው። እናቴ ደህናውን አባዛችልኝ። ያወቀችው ነገር አይደለም፤ እኔም የሠራሁት ነገር የለም።»

ይሄን ስናገር ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጉራ የተናገርኩት ቢባል አልከራከርም። ልጅቷ የልጇን ካልሲ ሳብ ሳብ አደረገች።

«እናቴ አለች?»

«ከጓሮ ናት። ልጥራት?»

«ጥራት።»

እህቴ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች፤ በማሽኑና በግድግዳው መሃል ቆመች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ልጅቷ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ስንት ቀን ኖረ?»

«አሥራ አንድ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ፀጉር ነበረው» አለች እህቴ። «ብዙ ፀጉር። ሌላው አይታወሰኝም፤ ፊቱን ልየው ስል ጨርቁ ይመጣብኛል።»

ልጅቷ ተነሣች። የምትሄድ መሰለኝ። ልጁን ዘርግታ ለእናቷ ሰጠቻት። «በዚያኛው ጎኑ ያዢው፤ ጭኑን አትጫኚው።»

እህቴ በዚያኛው ጎኑ ያዘችውና ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። እንደ ሙሉ ብርጭቆ ነው የያዘችው፤ አተነፋፈሷ እንኳ ቀነሰ። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ አያያዟን ታያለች። አንዴ እጇን ሰድዳ የእናቷን ክንድ ትንሽ ከፍ አደረገችው።

አንድ ተማሪ በሩ ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ ኮፒ አለ?» አለኝ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩት። ማሽኑ ምንም አልሆነም።